የመኪና እርካብ

በቅሎ የጋለበ ሰው የእርካብን ጥቅም ያውቃል። ጎረምሳ ያለ እርካብ ዘሎ ኮርቻ ላይ ይወጣል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም የታመመ ሰው ግን ዘሎ አይወጣም። እግሩን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል። እርካብ ትንሽ ነገር ነች። ሆኖም ትንሿ እርካብ ከሌለች ትልቋ በቅሎ ለደካማ ሰው አትጠቅምም።

ዛሬ በብዙ የገጠር መንገድ ፒካፕ የሚባለው መኪና ይመላለሳል። ፒካፕ ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ክፍት የጭነት ቦታ ያለው መኪና ነው። ማዳበሪያና ዘር ያመጣል፤ እህል ወደ ገበያ ይወስዳል፤ ሲቸግር ደግሞ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ይህ መኪና ድንጋይና ጉድጓድ እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ከፍታው ለመንገዱ ይጠቅማል። ለሚሳፈረው ሰው ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ፒካፕም እንደ በቅሎ እርካብ ያስፈልገዋል።

የመኪና እርካብ ስንል በበሩ ግርጌ የሚታሰረውን መርገጫ ማለታችን ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። ምን ዓይነት መርገጫ ይመረጥ? ከመኪናው አካል የት ላይ ይታሰር? እንዴትስ ይሠራበት?

አንድ ማኅበር መኪና ገዛ እንበል

አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ያገለገለ ፒካፕ ገዛ እንበል። መኪናው መርገጫ የለውም። ክረምት ነው። ሌሊት አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። ባሏና አማቷ ደግፈው መኪናው ዘንድ አደረሷት። የጋቢናው ወለል ከጉልበቷ በላይ ነው። መሬቱ ዋልካ አፈር ነው፤ ያንሸራትታል።

«ልጄ፣ አይዞሽ፤ እግርሽን አንሺ» አለቻት አማቷ።

«አልቻልኩም እማማ፤ የምረግጥበት የለም» አለች ሴትዮዋ።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አስገቧት። አንደኛው ሰው ጭቃው አንሸራቶት በጉልበቱ ወደቀ። እሷን ግን አልለቀቃትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ደረሰች።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አንድ ወጣት፣ «ከተማ ያየሁት የሚያብለጨልጭ ቱቦ አለ፤ እሱ ይገዛ፤ መኪናችንን ያሳምረዋል» አለ። ገንዘብ ያዡ፣ «ገንዘቡ ጎማ ይግዛ እንጂ፤ መርገጫ ቅንጦት ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ ግን እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ በቅሎ ስትገዙ እርካቧን ቅንጦት ነው ትላላችሁ? ይልቅስ የትኛው እንደሚበጀን እንመርምር።»

እኛም ከሽማግሌው ጋር እንስማማለን። መርገጫ ጌጥም አይደለም፤ ቅንጦትም አይደለም። የሚመረጠውም ለዓይን ሲባል ሳይሆን ለሚወጣው ሰውና ለሚኬድበት መንገድ ነው።

መርገጫ አዲስ ነገር አይደለም

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ብዙ መኪናዎች ከፍ ያሉ ነበሩ። ስለዚህ ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኛው ጎማ የሚደርስ ረጅም ሳንቃ መሰል መርገጫ ነበራቸው። ቆይቶ የቤት መኪናዎች ዝቅ እያሉና ሰፋ እያሉ ሲሠሩ መርገጫው ቀረ። ቢሆንም በከተማ ቮልስ የሚሏትን ክብ መሳይ ትንሽ መኪና ያየ ሰው በበሮቿ ግርጌ የተዘረጋውን ጠባብ መርገጫ ያስታውሳል። ከፍ ባለ መኪና ላይ ግን መርገጫ ዛሬም አስፈላጊ ነው።

መጀመሪያ መለካት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከመግዛት በፊት መለካት ያስፈልጋል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ማቆም ነው። ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበትን ሜትር ይዞ ከመሬት እስከ ጋቢናው ወለል መለካት ነው።

ልኩ 66 ሣንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ይህ ምን ማለት ነው? በከተማ ፎቅ ቤት ውስጥ አንዱ የደረጃ እርከን ብዙውን ጊዜ 17 ወይም 18 ሣንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ያለ መርገጫ ጋቢና ውስጥ መግባት አራት እርከን ያህል ባንድ ጊዜ እንደ መውጣት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን እንዴት ይችላል?

አሁን መርገጫው ከመሬት በ36 ሣንቲ ሜትር ላይ ቢታሰር 66 ለሁለት ይከፈላል። ከመሬት እስከ መርገጫው 36፣ ከመርገጫው እስከ ወለሉ 30 ሣንቲ ሜትር ይሆናል። አንዱ ከባድ እርምጃ ሁለት ቀለል ያሉ እርምጃዎች ሆነ ማለት ነው።

የእናንተ መኪና ልክ ከዚህ ሊለይ ይችላል። ዘዴው ግን ያው ነው። ከመንደሩ አጠር ያሉትን አንድ አዛውንት ጠርቶ፣ «አባቴ፣ እስቲ እግርዎን እዚህ ላይ ያድርጉ» ማለትም ጥሩ መለኪያ ነው። መርገጫው እሳቸውን ካልከበዳቸው ሌላውንም አይከብደውም።

ዝቅ ያለ መርገጫ በመጥፎ መንገድ

ታዲያ መርገጫው በጣም ዝቅ ቢል አይሻልም ወይ? ለሚወጣው ሰው ይሻላል። ለመንገዱ ግን አይሻልም።

መኪና ጉብታ ላይ ሲወጣ ፊተኛው ጎማ ይሻገራል፤ ኋለኛው ጎማ ገና አልደረሰም። በዚያን ጊዜ ጉብታው ከሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ይሆናል። መርገጫውም ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ በጣም ዝቅ ያለ መርገጫ ከድንጋይና ከወንዝ ዳር ጋር ይጋጫል። ሲጋጭ ወደ ላይ ይታጠፋል። ወደ ላይ ከታጠፈ ደግሞ በሩን ሊይዘውና እንዳይከፈት ሊያደርገው ይችላል።

እንዴት እንወቅ? ሾፌሩ ሁልጊዜ የሚሄድበትን ከሁሉ የከፋ ቦታ ያውቀዋል። መኪናውን እዚያ ወስዶ ጉብታው ከሁለቱ ጎማዎች መካከል ሲሆን ማቆም ነው። መሬቱ ደልዳላ ካልሆነ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ማስደገፍ አይረሳ። ከዚያም መርገጫው በሚታሰርበት በኩል ዱላ አቁሞ ከመኪናው እስከ ጉብታው ያለውን ቦታ መለካት ነው። መርገጫው ከዚያ ልክ በላይ መቅረት አለበት።

መንገዱ በጣም ድንጋያማ ከሆነና ዝቅ ያለ መርገጫ ማሰር ካልተቻለስ? ያኔ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ገንዘብ አያስወጣም። አባቶቻችን በቅሎ ላይ የሚወጡት ድንጋይ አጠገብ አቁመው ነው። ሾፌሩም መኪናውን ከፍ ያለ መሬት ወይም የመንገድ ክትር አጠገብ ሊያስጠጋ ይችላል። ተሳፋሪው ከከፍታው ላይ ሆኖ ይገባል። ሁለተኛው ዘዴ ታቹ ሰፊ የሆነ ጠንካራ የእንጨት መረማመጃ አሠርቶ መኪናው ላይ መያዝ ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግን አይሆንም፤ እግሩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጥና ሰው ይጥላል።

የመርገጫ ዓይነቶች

በገበያ ላይ የሚገኙት መርገጫዎች ብዙ ናቸው። በአራት ከፍለን እንያቸው።

1ኛ. ክብ ቱቦ። ከብረት ቱቦ የሚሠራ ነው። ጠንካራ ነው፤ መልኩም ያምራል። ነገር ግን እግር ክብ ነገር ላይ በደንብ አያርፍም። ጭቃ ሲነካው ያንሸራትታል። የሚገዛ ከሆነ በየበሩ ትይዩ ሸካራ መርገጫ የተለጠፈበት ይሁን።

2ኛ. ሰፊ ጠፍጣፋ መርገጫ። ከፊት በር እስከ ኋላ በር የሚደርስ ነው። እግር በሙሉ ያርፍበታል። አራት በር ላለው ፒካፕ ለሁሉም በሮች ያገለግላል። ከጎማው የሚፈናጠረውንም ጭቃ በመጠኑ ይከላከላል። ጉድለቱ ዋልካ አፈር ላዩ ላይ መከመሩ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ጭቃውና ውኃው ወደ ታች ይወርዳል።

3ኛ. ለየበሩ የሚንጠለጠል አጭር እርከን። ይህ ከሌሎቹ ይልቅ እርካብ ይመስላል። ከበሩ ሥር ብቻ ዝቅ ይላል። ሌላው የመኪናው ጎን ነፃ ስለሚሆን ከድንጋይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያንሳል። ሁለት በር ብቻ ላለው ፒካፕ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሊቆምበት አለመቻሉም ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

4ኛ. በኤሌክትሪክ የሚሠራ። በሩ ሲከፈት ይወርዳል፤ ሲዘጋ ይታጠፋል። ዋጋው ውድ ነው። ጭቃና ጠጠር መታጠፊያው ውስጥ ሲገባ ሊይዘው ይችላል። ለገጠር መንገድ አንመክርም።

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ አራት ነገሮችን ተመልከቱ። መርገጫው ቢያንስ የእግርን ግማሽ መያዝ አለበት። ላዩ ሸካራ መሆን አለበት። ጠርዙ የተሳለ መሆን የለበትም፤ በባዶ እግር ወይም በጎማ ጫማ የሚሳፈር ሰው አለና። ከመኪናው ጎን በጣም ወጥቶ መቅረትም የለበትም። በጠባብ መንገድ መንገደኛና ከብት ይመታል።

ብረት ነው አሉሚኒየም?

መርገጫ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። አሉሚኒየም ቀላል ነው። መጠኑ እኩል ከሆነ ክብደቱ የብረትን ሢሶ ያህል ብቻ ነው። እንደ ብረትም አይዝግም። ነገር ግን ሲሰበር በየመንደሩ አይበየድም። ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ በያጅ ይፈልጋል።

ብረት ከባድ ነው፤ ቀለሙ ሲላጥ ይዝጋል። ግን ቢጣመም ይቃናል፤ ቢሰነጠቅ በአቅራቢያ ከተማ ያለ ብረት በያጅ ይጠግነዋል። ስለዚህ ከጋራዥ ርቆ ለሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ብረት ይሻላል። ቀለሙ የተላጠበትን እያዩ ወዲያው መቀባት ነው።

ከአጥንቱ ላይ ይታሰር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከመርገጫው ዓይነት ይልቅ አስተሳሰሩ ይበልጣል።

የእርካብ ጠፍር ጠንካራ ሆኖ ኮርቻው ግን ካልጠበቀ ምን ይሆናል? ሰውዬው እርካቡን ሲረግጥ ኮርቻው ይዞራል፤ ሰውዬው ይወድቃል። በመኪናም እንዲሁ ነው።

መኪና እንደ ከብት አጥንትና ቆዳ አለው። አጥንቱ ሻንሲ ይባላል። ከሥር ያለው ወፍራም ብረት ነው፤ ሞተሩንም ጭነቱንም የሚሸከመው እሱ ነው። ቆዳው ላሜራ ነው፤ ስስ ነው። መርገጫ ከሻንሲው ጋር እንጂ ከላሜራው ጋር ብቻ አይታሰርም። ላሜራ ላይ የታሰረ መርገጫ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል። ከዚያ ላሜራው ይቀደዳል። ሲቀደድ ደግሞ ምናልባት የቆመችበት ነፍሰ ጡር ሴት ትሆናለች።

ምክንያቱን በእንስራ እናስረዳ። ውኃ የሞላ እንስራ ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝ ይቻላል። ክንድን ዘርግቶ መያዝ ግን አይቻልም። እንስራው ያው ነው፤ ከሰውነት ስለራቀ ከበደ። መርገጫውም እንደ ተዘረጋ ክንድ ከመኪናው ጎን ይወጣል። የሰውዬው ክብደት ጫፉ ላይ ሲያርፍ ማሰሪያውን በብርቱ ይጠመዝዘዋል። ሰውዬው ዘሎ ሲያርፍበት ደግሞ ከክብደቱ የበለጠ ኃይል ይጫነዋል።

ብዙ ፒካፖች መርገጫ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ከፋብሪካው የተዘጋጁላቸው ናቸው። ለዚያ መኪና ተብሎ የተሠራ መርገጫ በቡሎንና በዳዶ እነዚህ ላይ ይታሰራል። እንዲህ ከሆነ ሻንሲውን መብሳትም ሆነ መበየድ አያስፈልግም። ሻንሲው አጠገብ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ያልፋሉ። በግድየለሽነት የበሳ ወይም የበየደ ሰው ቱቦውን ሊቀድድ፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። መበየድ የግድ ቢሆን እንኳ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ያድርገው።

ታስሮ ሲያልቅ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩት። መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ከባድ ሰው ይውጣበት። ሌላው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ይመልከት። ይወዛወዛል? ይንቋቋል? ላሜራው ይጎብጣል? ከሆነ አልታሰረም ማለት ነው።

የእጅ መያዣ አይረሳ

እግር ብቻውን ሰው አያወጣም። እጅም መያዝ አለበት። ብዙ ሰው በሩን ይይዛል። በር ግን ይንቀሳቀሳል፤ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ባለው የጋቢናው ምሰሶ ላይ ጠንካራ መያዣ መኖር አለበት።

ደንቡ አጭር ነው። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምንጊዜም መኪናውን ይያዙ። አንድ ብቻ ይንቀሳቀስ። ሲወርዱም ከመሰላል እንደሚወርዱ ፊትን ወደ መኪናው አዙሮ ነው። በእጅ ዕቃ ይዞ መውረድ ደግ አይደለም። ዕቃውን መጀመሪያ ለሌላ ሰው ማቀበል ነው።

መኪናው ሲሄድ ማንም አይቁምበት

አሁን ደግሞ በጣም አደገኛውን ነገር እንናገር። በገበያ ቀን ጋቢናውም ጭነቱም ሲሞላ አንዳንድ ጎረምሶች መርገጫው ላይ ቆመው፣ በመስኮቱ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። «ቅርብ ነው እኮ፤ ምን አለበት?» ይላሉ።

ምን እንዳለበት እንቁጠር። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ሰከንድ «አንድ ሺህ አንድ» ብሎ የመጥራት ያህል ነው። ሾፌሩ ጩኸት ሰምቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ መኪናው ሩቅ ሄዷል።

መርገጫው ያለው የት ነው? ከፊተኛውና ከኋለኛው ጎማ መካከል ነው። ከመርገጫው የወደቀ ሰው የሚወድቀው ከኋለኛው ጎማ ፊት ነው። መኪናው ድንጋይ ሲነካ ይነጥራል፤ እጅ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ጸጸት አይጠቅምም። አጭሩ እርከን ብዙ ሰው አለመቻሉ ጥቅም ነው ያልነው ለዚህ ነው። የሚቆምበት ቦታ ባነሰ ቁጥር የሚንጠለጠለውም ያንሳል።

እርካብ መውጫ ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም። መርገጫም መኪናው ሲቆም መውጫና መውረጃ ብቻ ነው።

እንክብካቤ

መርገጫ ከታሰረ በኋላም መታየት አለበት። ጉዞ ሲነጥረው ቡሎን ይላላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጉዞ በኋላ ሁሉንም ቡሎኖች በቁልፍ እንደገና ማጥበቅ ነው። ከዚያም በየጊዜው መመልከት ነው። በክረምት ጭቃው ሳይደርቅ ይታጠብ፤ የተከመረ ጭቃ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ጎማ ለመቀየር ክሪክ ሲደረግም መርገጫው ሥር አይደረግም። መርገጫ ሰው እንዲሸከም እንጂ መኪናውን እንዲሸከም አልተሠራም።

ማኅበሩ ምን ወሰነ?

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። አባላቱ መኪናቸውን ለኩ፤ የወንዙን መሻገሪያ አዩ። መኪናው ሁለት በር ብቻ ስላለው ለየበሩ አንድ አንድ አጭር፣ ሸካራ የብረት እርከን ገዙ። ከሻንሲው ጋር በቡሎን አሳሰሩ። በሁለቱም በኩል የእጅ መያዣ አደረጉ። ለአዛውንቶችና ለበሽተኞች የእንጨት መረማመጃ አሠሩ። ከሚያብለጨልጨው ቱቦ ዋጋ የተረፈው ገንዘብ ወደ ጎማው ሄደ። ገንዘብ ያዡም ወጣቱም ተስማሙ።

በመጨረሻ በቅርቡ ማንበብና መጻፍ የተማረች አንዲት አባል ተነሣች። ቀለምና ብሩሽ ይዛ በሁለቱም በሮች ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፈች፦

መኪናው ሲሄድ መርገጫው ላይ መቆም ክልክል ነው።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ፊደሉን እየቆጠሩ አነበቡ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ይህች ጽሑፍ ከብረቱ ትበልጣለች» አሏት።

እናንተም በመንደራችሁ መኪና ካለ ሄዳችሁ መርገጫውን እዩት፤ ለኩት፤ አወዛውዙት። ጽሑፉ ከሌለ ጻፉበት። ማንበብ የማይችል ካለ አንብቡለት።

ጥያቄዎች

1. ከመሬት እስከ ጋቢናው ወለል 72 ሣንቲ ሜትር ቢሆን፣ መርገጫውም ከመሬት በ38 ሣንቲ ሜትር ላይ ቢታሰር፣ ከመርገጫው እስከ ወለሉ ስንት ይቀራል?
2. መርገጫ ከላሜራው ጋር ብቻ የማይታሰረው ለምንድን ነው?
3. በጣም ዝቅ ያለ መርገጫ በድንጋያማ መንገድ ምን ጉዳት ያመጣል?
4. ከመርገጫ ላይ የወደቀ ሰው ወዴት ይወድቃል? ለምን?
5. በእናንተ አካባቢ ላለው መንገድ የትኛው ዓይነት መርገጫ ይሻላል? ምክንያታችሁን ተወያዩበት።